የልጅ ጥርስና የቤተሰብ ጓዳ፦ የሕፃናት ሕክምና ወጪ በወላይታ እንዴት ሲከፈል እንደኖረ

የአንድ ኅብረተሰብ የሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ሐኪሞች፣ ስለ ሆስፒታሎችና ስለ መድኃኒቶች ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ በምን ጊዜ ተከፈለ፣ ማንስ ለማን አበደረ የሚለው ጥያቄ እንደ ተራ የጓዳ ጉዳይ ተቆጥሮ ሲታለፍ ይታያል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ከሐኪም ፊት መቅረቡን ወይም አለመቅረቡን በመጨረሻ የሚወስነው ይኸው የጓዳ ጉዳይ ነው።

ይህንን አጥርቶ ለማየት አነስተኛ የሚመስል አንድ የሕክምና ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። እርሱም በተለምዶ «ብሬስ» እየተባለ የሚጠራው የልጆች ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ነው። ወባ የያዘው ልጅ ዛሬውኑ ካልታከመ ነገ ይሞት ይሆናል፤ ስለዚህ ወላጅ ያለውን ሸጦም ሆነ ተበድሮ ያሳክመዋል። የጥርስ ማስተካከያ ግን አያጣድፍም፤ ቀጠሮውም በአንድ ቀን አያልቅም። ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ በየወሩም ክፍያ ይጠይቃል። ከዚህም የተነሣ ቤተሰብ ከቤተሰብ የሚለይበትን ነጥብ ከማናቸውም ሕክምና ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳያል። ነጥቡ የገቢው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የገቢው አመጣጥ ጭምር ነው። በየወሩ የሚመጣ ገቢ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ገቢና በየዕለቱ ተገኝቶ በዕለቱ የሚያልቅ ገቢ በዓመት ድምራቸው ቢቀራረቡ እንኳ እኩል አቅም አይሰጡም። የወላይታ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ያቀርባል።

ጥርስ በባህል ዓይን

ስለ ጥርስ ውበት ያለው አስተያየት ከውጭ የመጣ አይደለም። በኢትዮጵያ ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ሆኖ ሲወደስ ኖሯል። በብዙ ቦታ ሴቶች ድዳቸውን ይነቀሱ የነበረው የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ነበር። መፋቂያም ከጥርስ ብሩሽ በፊት በየሰዉ እጅ የነበረ መሣሪያ ነው። በአንጻሩ ገጣጣ ወይም ድርብ ጥርስ ያለው ልጅ በእኩዮቹ ዘንድ ቅጽል ስም ሳይወጣለት አይቀርም። ስለሆነም ወላጅ የልጁ ጥርስ እንዲቃና መመኘቱን የከተሜ ቅምጥልነት ብቻ ነው ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። ከመልክም ባሻገር፣ በጣም የወጣ የፊት ጥርስ ልጅ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራል፤ የተደራረበ ጥርስ ለማጽዳት ያስቸግራል፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ሳይገጥም ሲቀር ማኘክና አንዳንድ ድምፆችን ማውጣት ይከብዳል።

ጉዳዩን ከድህነት ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ አንድ ልማድም አለ። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍሎች፣ በደቡቡም ጭምር፣ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ምክንያቱ በድዱ ውስጥ ያበጠ «ግግ» ነው ተብሎ ይታመናል። እብጠቱ ግን ገና ያልበቀለው የወተት ክራንቻ ጥርስ ነው። የመንደር አዋቂ ድዱን በስለት ከፍቶ ያወጣዋል። ይህ ድርጊት ሕፃኑን ለመድማትና ለመመረዝ ያጋልጠዋል፤ ከበታች ያለውንም የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ሳይበቅል ይቀራል ወይም ከመስመር ወጥቶ ይበቅላል። ስለዚህ ድኻው ወላጅ ለልጁ ጥርስ ምንም አልከፈለም ማለት አይቻልም። ከፍሏል፤ የከፈለው ግን ኋላ ሌላ ወጪ ለሚያስከትል ነገር ነው።

የሽቦው አሠራርና የዋጋው ምክንያት

የብሬስ ወጪ ለምን እንደሚንዛዛ ለመረዳት አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል። ጥርስ በመንጋጋ አጥንት ላይ እንደ ምስማር የተቸነከረ አይደለም፤ በሥሩና በአጥንቱ መካከል ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ ለረጅም ጊዜ በቀላል ኃይል ሲገፋ በተገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይመናመናል፤ በስተኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። የጉዞው ፍጥነት በወር ወደ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኃይሉን በማብዛት ፍጥነቱን ለመጨመር አይቻልም፤ ከመጠን ያለፈ ኃይል ሥሩን ይጎዳልና። እንግዲህ ይህ ሕክምና የሚፈልገው ትንሽና የማይቋረጥ ኃይል ነው። ሥራው በመካከል ቢቋረጥ ቀድሞ የተገፋው ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል። ሽቦው በአፍ ውስጥ ያለ ክትትል ሲቆይ ደግሞ ምግብ እየያዘ ጥርሱን ያበላሻል። ለዚህ ነው ጀምሮ ማቋረጥ ጭራሽ ካለመጀመር የሚብሰው።

የሙያው ታሪክ የዋጋም ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው ፒዬር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ጥርስን በብረት ቅስት ላይ በማሰር ስለማቃናት ጽፏል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ጥርስ ከመስመር የሚወጣባቸውን ዓይነቶች በ1899 መደበ፤ በ1900 ደግሞ የዚህ ሙያ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት በሴንት ሉዊስ ከፈተ። በዚያ ዘመን ሽቦው የሚሠራው ከወርቅ ቅይጥ ስለነበር ተጠቃሚው ባለጸጋ ብቻ ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የማይዝግ ብረት ወርቁን ሲተካ የዕቃው ዋጋ ቀነሰ። በ1970ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ ተገኝቶ የነበረው የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ ለጥርስ ሽቦ ዋለ። ይህ ቅይጥ ታጥፎ ሲለቀቅ ለረጅም ጊዜ በለስላሳ ኃይል ስለሚገፋ ሐኪሙ ሽቦውን ቶሎ ቶሎ እንዲያስተካክል አያስገድደውም። ዛሬ በዋጋው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ብረቱ ሳይሆን የባለሙያው ጊዜና የሕመምተኛው ምልልስ ነው።

በወላይታ ምልልሱ ቀላል አይደለም። በሶዶ የጥርስ ክሊኒኮች ቢኖሩም፣ በአገሪቱ ያሉት የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስቶች በአብዛኛው የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል ቢባል፣ አንድ ልጅ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ልጁ ብቻውን አይሄድምና የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ ምግብና ማደሪያ ይታሰባል። ከዚያም ላይ ወላጅ ከሥራ፣ ልጅ ከትምህርት የሚቀርበት ቀን አለ።

ከብት፣ ዕድርና ዕቁብ

ገንዘብ በወላይታ ምድር በሰፊው ከመሰራጨቱ በፊት የቤተሰብ ሀብት የሚቀመጠው በከብት ነበር። ከብት ወተትና ቅቤ ይሰጣል፤ እበቱ የእንሰቱን ጓሮ ያለመልማል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ይሸጣል። ከብት ያለው ለሌለው በእርባታ እየሰጠ ጥጃውንና ወተቱን መካፈሉም አደጋን ለማከፋፈል የተዘጋጀ ብልህ ሥርዓት ነበር። ይህ ማከማቻ በ1887 ዓ.ም. በንጉሥ ጦና ዘመን በደረሰው ዘመቻ ክፉኛ ተመታ። ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር የነበረው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም ከብቱ በብዛት መነዳቱን ጽፏል። በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ ያጣው ከብቱን ብቻ ሳይሆን ለልጁ ሕመም መጠባበቂያ የሚሆነውን ጥሪትም ነበር።

ከብት እንደ መጠባበቂያ አንድ ጠባይ አለው፤ ተከፋፍሎ አይሸጥም። ላም በወር ሩቧ አይሸጥም። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ትልቅ ወጪ ይመቻል፤ ለሃያ አራት ትንንሽ ክፍያዎች ግን አይመችም።

በ20ኛው ምዕት ዓመት በከተሞች የተስፋፋው ዕድር ወደ ገጠርም ዘልቆ በወላይታም ሥር ሰደደ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የዕድርን አሠራር በሚገባ ይገልጸዋል። ዕድር ግን በመሠረቱ የቆመው ለሞት ነው። አንዳንድ ዕድሮች ለታመመ አባል ብድር ቢሰጡም፣ ለሞተ ልጅ መቅበሪያ የተረጋገጠ ገንዘብ ሲኖር በሕይወት ላለው ልጅ ማሳከሚያ የተረጋገጠ ገንዘብ አለመኖሩ የቆየ ተቃርኖ ነው።

ዕቁብ ከዚህ ይለያል። አባላት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ጠቅላላውን ይወስዳል፤ ከወሰደም በኋላ እስከ መጨረሻው መክፈሉን ዋስ ያረጋግጣል። የቸገረው አባል ዳኛውን ለምኖ ወይም ከባለ ዕጣው ተስማምቶ ቀድሞ የሚወስድበት ልማድም አለ። ጥቂት በጥቂት የሚመጣን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ወደሚገኝ ትልቅ ገንዘብ መለወጥ ይህ ነው። ገበሬውም ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ለጊፋታ በዓል የሚታረደውን በሬ ለመግዛት ወንዶች በቡድን ሆነው ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጡ፣ ሴቶች በበኩላቸው ቅቤ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ስለዚህ የወላይታ ገበሬ በረጅም ጊዜ ትንሽ በትንሽ ማዋጣት አያውቅም የሚል ቢኖር ይህንን ልማድ አላየም ማለት ነው።

ከኦቶና እስከ ጤና መድን

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ወላይታ የገባው ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው ድርጅት በ1920 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1928) በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት መጥቶ በሶዶ አጠገብ በኦቶና ጣቢያ ካቋቋመ በኋላ ነው። ሚሲዮኑ የሚተዳደረው በዋናነት በባሕር ማዶ ምእመናን መዋጮ ነበርና፣ የአንድ የወላይታ ሕፃን መታከሚያ በከፊል የሚሸፈነው ልጁን ፈጽሞ በማያውቁ ሰዎች ነበር። ሚሲዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. በኢጣልያኖች ሲባረሩ ይህም ምንጭ ተቋረጠ፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ዛሬ በዚያው በኦቶና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛል።

መንግሥትም ለጤና የሚውል ገንዘብ ከገበሬው መሰብሰብ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከመሬት ጋር የተያያዘ የጤና ግብር ተደንግጎ ነበር። ነገር ግን ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው በመንደሩ ጤና ጣቢያ ተሠርቶለት አልነበረም። በደርግ ዘመን ደግሞ መክፈል የማይችል ሰው ከቀበሌው ወይም ከገበሬ ማኅበሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዞ እንዲታከም ተደረገ። ወረቀቱ ብዙ ሕይወት ማትረፉ አይካድም፤ ሆኖም የሚያገለግለው በጤና ተቋሙ ውስጥ ለሚገኘው አገልግሎት ብቻ ነበር። በጥርስ በኩል በገጠርም ሆነ በአነስተኛ ከተሞች የሚገኘው አገልግሎት ለረጅም ዘመን መንቀል ነበር።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አቀረበ። ዋዱ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ በምርት ጊዜ የሚመለስ ብድር ምን እንደሆነ ገበሬው አውቆ ነበር። ይሁን እንጂ የዋዱም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት የአነስተኛ ብድር ተቋማት ዓላማ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ነው። ለልጅ ሕክምና ብድር የሚጠይቅ ወላጅ በመዝገባቸው የሚገባበት ዓምድ አልነበረውም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር፣ ከወላይታ የዳሞት ወይዴ ወረዳ አንዱ ሆነ። በደቡብ ክልል መዋጮው ለአንድ ቤተሰብ በወር 10 ብር ከ50 ሳንቲም ሒሳብ ተወሰነ፤ እጅግ ድኻ የሆኑትን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት እንዲሸፍን ተደረገ። ይህ ከዕድር በኋላ ሰፊውን ሕዝብ ያቀፈ፣ ለሕያዋን የቆመ የመጀመሪያው የጋራ ቋት ነው ለማለት ይቻላል። ሆኖም መድኑ ሲጀመር ከማይሸፍናቸው መካከል በዋናነት ለመልክ ይደረጋሉ የተባሉት፣ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውበት ቀዶ ሕክምና ያሉት ይገኙባቸዋል። ቋቱ ውሱን ነውና አስቀድሞ ወባን፣ የሳንባ ምችንና ወሊድን ማሰቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ለመልክና ለአካል ተግባር የሚደረገውን በአንድ ላይ መፈረጁ፣ ማኘክ የተሳነውን ልጅ ፈገግታውን ለማሳመር ከሚሻው ጋር በአንድ ወገን ያስቆመዋል።

አራት ዓይነት ቤተሰብ

ሶዶ በ1993 ዓ.ም. የዞን፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስትሆን፣ በመካከሉም ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት የደመወዝተኛው ቁጥር አደገ። የብሬስ ክፍያ በተለመደው አሠራር መነሻ ገንዘብና ወርኃዊ ክፍያ ስላለው ለደመወዝተኛ ተስማሚ ነው። መነሻውን ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር ይበደራል፤ ብድሩም ከደመወዙ ይቆረጣል። ቢሆንም ይህ ቤተሰብ ትርፍ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም፤ ያለው መደበኛነት ነው። መደበኛነቱም ሊናጋ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየቱ በይፋ የተነገረ ጉዳይ ነበር። በዚያን ጊዜ ወርኃዊ ቀጠሮ የነበረው ማንኛውም ሕክምና ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አያስቸግርም።

ነጋዴው የሚመካው በዕቁቡ ነው። ዕጣው ሲወጣለት ከክሊኒኩ ጋር ተነጋግሮ አብዛኛውን ቀድሞ ሊከፍል ይችላል። ዕቃ ለመጫን ወደ አዲስ አበባ ስለሚመላለስም የጉዞው ወጪ ከንግዱ ጋር ይጣመርለታል። ገቢው ከመምህሩ ባይበልጥ እንኳ በዚህ ረገድ ይሻላል።

የገበሬው ነገር የተለየ ነው። በወላይታ መሬት እጅግ ጠባብ፣ ሕዝቡም የተጨናነቀ ነው። ገቢው ቡና፣ ዝንጅብል ወይም ባሕር ዛፍ ሲሸጥ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያም ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልብስና ለትምህርት ቤት ይበተናል። በ2004 ዓ.ም. የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ማሳውን ሲያጠፋ ለብዙ ቤተሰብ ብቸኛ የነበረው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ደረቀ። ገበሬው በሬውን ሸጦ ብሬስ ቢያስጀምር፣ በአሥረኛው ወር ምን እንደሚሸጥ አያውቅም። ስለዚህ አለመጀመሩ የግንዛቤ ማነስ ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ምናልባት ከተማ ገብቶ ሥራ የያዘ ታላቅ ልጅ ካለው፣ የታናሹ ጥርስ የሚቃናው በዚያ ልጅ ደመወዝ ነው።

የቀን ሠራተኛው፣ ሸክም ተሸካሚው ወይም ጉሊት የምትቸረችረው እናት በየዕለቱ ገንዘብ ይነካሉ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለምሽቱ እራት ነው። ለእነርሱ የሚቀረው መንቀል ነው። ከመስመር የወጣው ጥርስ ሲያስቸግር ይነቀላል፤ ወጪውም በዚያው ያበቃል። እንግዲህ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ጥርስ ይዘው የአንዱ ይቃናል፣ የሌላው ይነቀላል። ልዩነቱን ያመጣው የወላጆቻቸው ገንዘብ የሚመጣበት ሰዓት ጭምር ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ችግር በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ብሬስን በነጻ ይሰጣል። ፈላጊው ሲበዛ ግን መለኪያ አስፈለገ፤ በ1989 የተዘጋጀው ባለ አምስት ደረጃ መለኪያም የአካል ችግር ያለበትን ከመልክ ጉዳይ ለመለየት አገለገለ። በጀርመን ደግሞ የሕመም መድን በሕግ በተወሰነ ደረጃ ላይ ለሚገኝ ልጅ ከወጪው ሰማንያ በመቶውን ይከፍላል። ቀሪውን ሃያ በመቶ ወላጅ ያስቀድማል፤ ሕክምናው በወጉ ሲፈጸም ይመለስለታል። ይህ አሠራር ከሕክምናው ባሕርይ ጋር የሚስማማ ነው፤ ምክንያቱም የሚሸልመው መጀመርን ሳይሆን መጨረስን ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያሳየው ወላይታ ለልጆቹ የማዋጣት ልማድ እንዳልጎደለው ነው። ለበሬ ዓመት ሙሉ ይዋጣል፤ ለቀብር ሃምሳ ቤት ይሰበሰባል፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለሕመም ቋት አለ። የጎደለው ረጅምና ያልተጣደፈ ሕክምናን ከገቢው አመጣጥ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ነው።

አሠራሩን ለመፍጠር ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይችላሉ። አንደኛ፣ የጤና መድኑ የማይሸፍናቸው አገልግሎቶች ሲከለሱ መንጋጋው የማይገጥም ልጅና የመልክ ጉዳይ ያለበት ልጅ በመለኪያ ቢለዩ፣ ቋቱን የማያናጋ ጥቂት ቁጥር ብቻ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሃያ ልጆች በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ከሚመላለሱ አንድ ስፔሻሊስት በወር አንድ ጊዜ ወደ ሶዶ ቢመጣ፣ የልጆቹ ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ወርኃዊ ጉዞ ወደ አንድ ሰው የ600 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ይወርዳል፤ ገበሬውም የዕቁብ መዋጮውን ከምርቱ ጊዜ ጋር አስማምቶ ለመነሻው ገንዘብ ሊያውለው ይችላል። ሦስተኛውና ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው፣ የሕፃናትን ድድ በስለት ከፍቶ «ግግ» ማውጣትን ማስቀረት ነው። ከሁሉም አስቀድሞ መጀመር ያለበት ይኸኛው ነው፤ በስለት ያልተጎዳ ጥርስ ከዚህ ጉዳት የተነሣ ማቃኛ አያስፈልገውምና።